የሚያፈስ የልብ በር ጥገና አጭር ታሪክ



በየዓመቱ በምትታተመው በዚህች መጽሔታችን አንዳንድ አባላት ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ አንዳንዶቹም ስለ መተዳደሪያ ደንባችን እንደየችሎታቸው ጽፈው አንብበናል፤ ተምረንበታልም። ዘንድሮ ተራው የእኛ ሲሆን ስለ ልብ ለመጻፍ አሰብን። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ድንኳን ትከሉ ተብለን በተጠራን ቁጥር «ለመሆኑ ምን አገኛት?» ብለን ስንጠይቅ «ልቧ ነው» የሚል መልስ የምንሰማበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሟቹ ሽማግሌ ቢሆን «ዕድሜ ነው» ብለን እንጽናናለን። የ15 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ስትሆን ግን ምን ተብሎ ይጽናናል?

እኛ ሐኪም አይደለንም። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥ የኖርን ጡረተኛ ነን። ስለዚህ የምናቀርበው አንብበን የተረዳነውን፣ ያልገባንንም ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን ያጣራነውን ነው። የምንናገረውም በሰፈራችን ቋንቋ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ስለ ውጭ አገር ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን ሲሆን በእኛው አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበልልን።

ሀ. የልብ በር ምን ይመስላል?

ልብ አራት ክፍል ያላት ቤት ናት። ሁለቱ ክፍሎች ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ናቸው። በቀኝ በኩል ያሉት ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካሉ፤ በግራ በኩል ያሉት ደግሞ ከሳንባ የመጣውን ንጹሕ ደም ለመላው ሰውነት ያድላሉ። ይህ ሥራ ዕረፍት የለውም። ልብ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች፤ ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ትገፋለች።

ደሙ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይመለስ አራት በሮች አሉ። ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ከአራቱ ብዙ ሥቃይ የሚያየው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ሚትራል የሚባለው በር ነው። ስሙ የመጣው የካቶሊክ ጳጳሳት ከሚደፉት ባለ ሁለት ጫፍ ቆብ ነው፤ በሩ ሁለት መዝጊያ ስላለው ያንን ቆብ ይመስላል።

አሠራሩን ለመረዳት ለእኛ የዕድር ሰዎች ከድንኳን የተሻለ ምሳሌ የለም። መዝጊያዎቹ እንደ ሸራ ስስ ናቸው። ከጫፋቸው ብዙ ቀጫጭን ጅማቶች እንደ ድንኳን አውታር ወርደው ከታችኛው ክፍል ግድግዳ በበቀሉ ጡንቻዎች ላይ ይታሠራሉ፤ ጡንቻዎቹ ካስማዎች ናቸው ማለት ነው። ዙሪያውን ደግሞ መዝጊያዎቹ የተያያዙበት መቃን አለ። እንግዲህ ሸራው፣ አውታሩ፣ ካስማውና መቃኑ አንድ ላይ ሲሠሩ በሩ ገጥሞ ይዘጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ፣ ማለትም ሸራው ቢቀደድ ወይም ቢኮማተር፣ አውታሩ ቢበጠስ ወይም ቢረዝም፣ መቃኑም ቢሰፋ ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሩ ያፈስሳል የሚባለው ይህ ነው። ወደኋላ የተመለሰው ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። በሽተኛው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ቆይቶም ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ትራስ ደራርቦ ተደግፎ ያድራል። እግሩም ያብጣል። ልብም በአንድ ጊዜ የሚበቃውን ሥራ ሁለት ጊዜ እየሠራች ትሰፋለች፤ በመጨረሻም ትደክማለች።

በሩ የሚበላሸው በሌላም መንገድ ነው። መዝጊያዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አልከፈት ሲሉ መጥበብ ይባላል። መጥበብና ማፍሰስ በአንድ በር ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ይህን ልዩነት እናስታውሰው፤ ታሪኩ በሙሉ የሚሽከረከረው በእርሱ ላይ ነውና።

ለ. በጨለማ የተጀመረ ሥራ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ እንኳ ልብን በቢላዋ መንካት ነውር ነበር። በ1902 ላውደር ብራንተን የሚባል የለንደን ሐኪም የጠበበ ሚትራል በር በኦፕራሲዮን ሊከፈት ይችል ይሆናል ብሎ በጽሑፍ ሐሳብ ቢያቀርብ የተቀበለው ሰው አልነበረም፤ ተተቸበትም።

የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ የተደረገው በግንቦት 1923 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ነው። ኤሊየት ከትለር የሚባል ሐኪም በሩ የጠበበባት አንዲት ልጅ ላይ ኦፕራሲዮን አደረገ። ልብ እየመታች፣ በውስጧም ደም እየፈሰሰ ስለሆነ ዓይን የሚያየው ነገር የለም። ስለቱን ከታች በኩል አስገብቶ በግምት ቆረጠ። ልጅቱ ተረፈች፤ ከአራት ዓመት በላይም ኖረች። ዓለም ተደነቀ። ከእርሷ በኋላ የመጡት በሽተኞች ግን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ከትለርና ባልደረቦቹ የበሩን ሥጋ ቆንጥሮ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ነበር። የጠበበውን በር መክፈቱንስ ይከፍተዋል፤ ዳሩ ግን ቁራጩ ከወጣ በኋላ በሩ መዝጋት አይችልም። መጥበቡን በማፍሰስ ለወጡት ማለት ነው። ቀስ በቀስ የጠበበን በር ልብ ለዓመታት ትለምደዋለች፤ በአንድ ጊዜ የተከፈተን ፍሳሽ ግን አትችለውም። በ1929 ከትለር ውጤቱን ሳይደብቅ አሳትሞ ሥራውን አቆመ። ውድቀትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ኋላ የመጡት የተማሩት ከእርሱ መዝገብ ነውና።

በመካከሉ በግንቦት 1925 በለንደን ሄንሪ ሱታር የሚባል ሐኪም ሌላ መንገድ አሳየ። በልብ የላይኛው ክፍል ላይ ጆሮ የመሰለች ትርፍ ከረጢት አለች። እርሷን ቀዶ ጣቱን አስገባ፤ በጣቱም በሩን ዳበሰ። ለመቁረጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ጣቱ ወደኋላ የሚመለሰውን ደም ስለተሰማው፣ በሩ እንደተጠረጠረው የጠበበ ሳይሆን ይበልጡን የሚያፈስ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ስለቱን ተወና በጣቱ ብቻ ጥቂት አላቅቆ ወጣ። ሕመምተኛዋ ወጣት ድና ወደ ቤቷ ሄደች። ይሁን እንጂ የሕክምና ባልደረቦቹ ሌላ በሽተኛ ሊልኩለት ፈቃደኛ አልሆኑም። ሥራው ለ20 ዓመት ያህል ተዘጋ። አንድ ሰው ትክክለኛውን መንገድ ቢያገኝም ብቻውን ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩን ቀየረው። ድዋይት ሃርከን የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ከቆሰሉ ወታደሮች ልብና ከልብ አጠገብ ካሉ ትልልቅ የደም ሥሮች 134 የጥይትና የፈንጂ ስብርባሪዎችን አውጥቶ አንድም ሰው አልሞተበትም። ልብ በጥንቃቄ ከተነካች እንደማትቆም ታወቀ። ከዚያም በ1948 በጥቂት ወራት ውስጥ ቻርልስ ቤይሊ በፊላደልፊያ፣ ሃርከን በቦስተን፣ ራስል ብሮክ በለንደን የጠበበ በር በጣትና በስለት መክፈት ቻሉ። የቤይሊ ነገር ለብቻው የሚነገር ነው። ከዚያ በፊት የሞከረባቸው በሽተኞች ሞተውበት፣ የገዛ ባልንጀሮቹ «አራጅ» እስከማለት ደርሰው ነበር። በሰኔ 10 ቀን 1948 በአንድ ቀን በሁለት የተለያዩ ሆስፒታሎች ሁለት ኦፕራሲዮን ያዘ፤ አንደኛው ቢከሽፍና ቢከለከል እንኳ ሁለተኛው እንዲያመልጠው ስላልፈለገ ነው። የጠዋቱ በሽተኛ ሞተ። የከሰዓት በኋላዋ ሴት ድና ለ38 ዓመት ኖረች።

እንግዲህ የጠበበው በር መላ ተገኘለት። የሚያፈስሰው ግን ገና ነበር። በጣት ዳብሶ የተጣበቀን ማላቀቅ ይቻላል፤ በጣት ዳብሶ የተቀደደን መስፋት ግን አይቻልም። በ1952 ቻርልስ ሃፍናግል በዋሽንግተን በሌላው በር ማለትም በአኦርታ በኩል ደም ለሚያፈስባቸው ሰዎች ከልብ ወጣ ብሎ ባለው ትልቁ የደም ሥር ላይ ውስጡ ኳስ ያለበት የፕላስቲክ ቧንቧ ገጠመ። ኳሱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሰማው ድምፅ በሽተኛው አጠገብ ለቆመ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር ይባላል። ረድቷል፤ ነገር ግን ፍሳሹን ከምንጩ አላቆመውም።

ሐ. ልብን አስቁሞ ማየት ተቻለ

የተቀደደ ልብስ ለመስፋት ልብሱ ከሰውነት መውለቅ፣ መርፌ የያዘውም ሰው ማየት አለበት። ልብን ለመስፋትም ደሙ ለጥቂት ጊዜ በሌላ በኩል መዞር ነበረበት። ይህን መኪና ለመሥራት ጆን ጊበን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሚስቱ ከሜሪ ጋር ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ደከመ። ደሙን ከልብ ተቀብሎ፣ አየር አቀላቅሎ፣ ወደ ሰውነት የሚመልስ የልብና የሳንባ መኪና ነው። በግንቦት 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ በዚህ መኪና የ18 ዓመት ወጣት ልብ ተከፍቶ በውስጡ የነበረው ቀዳዳ ተሰፋ። እርሷ ዳነች፤ ቀጥለው የመጡት ሕፃናት ስለሞቱበት ግን ጊበን ልቡ ተሰብሮ ሥራውን ተወው።

በሚነሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዋልተን ሊላሃይ ደግሞ በመጋቢት 1954 ሌላ ዘዴ አመጣ። የሕፃኑን ደም ሥር ከአባቱ ወይም ከእናቱ ደም ሥር ጋር በቱቦ ያገናኛል፤ የሕፃኑ ልብ በተከፈተበት ጊዜ የወላጁ ልብና ሳንባ ለሁለቱም ይሠራሉ። እንዲህ ተብሎ 45 ሕመምተኞች ኦፕራሲዮን ተደርገው 28ቱ ድነው ከሆስፒታል ወጡ። ወላጅ ለልጁ ልቡን አበደረ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ መዋጮ የት ይገኛል? ብዙም ሳይቆይ በ1955 በዚያው ቦታ ከተራ የፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ርካሽና ቀላል መኪና ወጣና ወላጆች ዐረፉ።

የሚያፈስሰው ሚትራል በር በዓይን እየታየ የተሰፋው በዚህ ጊዜ ነው። ሊላሃይና ባልደረቦቹ በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰፋውን መቃን በክር እያጠበቡ መዝጊያዎቹ እንዲገጥሙ እንዳደረጉ ገለጹ። በ1960 ደግሞ ድዋይት ማክጉን የሚባል የማዮ ክሊኒክ ሐኪም አውታሩ ለተበጠሰበት መዝጊያ መላ አመጣ። ድጋፍ አጥቶ የሚንከላወሰውን የሸራ ክፍል እንደ ልብስ አጥፎ ሰፋው። ጥገና ተጀመረ ለማለት ይቻላል።

መ. አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መግጠም

ዳሩ ግን በዚያው በ1960 ሌላ ነገር መጣና ጥገናውን ሸፈነው። ሎወል ኤድዋርድስ የሚባል ጡረታ የወጣ ኢንጂኒየር (ጡረተኛ ሥራ አይፈታም!) በኦሬገን ግዛት አልበርት ስታር ወደሚባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሰው ሠራሽ ልብ እንሥራ አለው። ሐኪሙም ሙሉ ልቡን ለጊዜው እንተወውና በሩን እንጀምር ሲል መለሰለት። በብረት ቤት ውስጥ የታሠረች ኳስ ሠሩ። ደሙ ሲመጣ ኳሷ ትነሣለች፤ ሊመለስ ሲል ቁጭ ብላ ትደፍናለች። የመጀመሪያዋ በሽተኛ በዚያው ቀን ሞተች፤ በመስከረም 1960 የተደረገለት ሁለተኛው ሰው ግን ድኖ ለዓመታት ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሐኪሞች ነገሩ ቀለለ። የተበላሸውን በር ቆርጦ ማውጣት፣ በልኩ የተዘጋጀውን ሰው ሠራሽ በር መስፋት። ሥራው በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ለተማሪም ለማስተማር ይመቻል። ብዙ ሕዝብ ከሞት ተርፎበታል፤ ዛሬም ይተርፍበታል። ይህንን መካድ አይገባም።

ሆኖም ሂሳቡ ገቢ ብቻ ሳይሆን ወጪም አለበት። አንደኛ፣ ደም ብረት ሲያገኝ ይረጋል፤ የረጋው ጓል ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየውን ሽባ ያደርገዋል፤ በሩንም ሊደፍነው ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ ገበያ ላይ የወጣው ለአይጥ መግደያ መሆኑን ስናነብ ገረመን። መጠኑ ከበዛ ያደማል፤ ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ በመሆኑም ደም በየጊዜው መመርመር አለበት። ላቦራቶሪ አጠገቡ ላለ ሰው ይቻላል። ሁለት ቀን በእግር ተጉዞ ጤና ጣቢያ ለሚደርስስ? በተለይም ለልጃገረዶች ነገሩ ይከፋል። ዋርፋሪን በማኅፀን ያለ ፅንስ ሊጎዳ፣ በወሊድም ጊዜ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ልጅቱ ከሞት ተረፈች ብለን ስንደሰት ትዳርና ወሊድ ለእርሷ ሌላ ፈተና ይሆኑባታል።

ሁለተኛ፣ በሩ ተቆርጦ ሲወጣ አውታሮቹም አብረው ይቆረጡ ነበር። አውታሩ የተቆረጠበት ድንኳን ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። ምሰሶው ያዘነብላል። ልብም እንዲሁ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቅርጿን እያጣች ትደክማለች። ሊላሃይ በ1964 አውታሮቹን አትቁረጡ፣ በሩን ስትለውጡም ጠብቋቸው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ብዙዎች የተቀበሉት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከአሳማ የተወሰደ በርም ተሞክሯል። የመጀመሪያው በ1965 በፓሪስ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም በኬሚካል አጠንክሮ ዕድሜውን የማራዘም ዘዴ ተገኘ። ደም ማቅጠኛውን ዕድሜ ልክ መውሰድ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን በተለይ በልጆችና በወጣቶች ልብ ውስጥ ቶሎ ጠጥሮ ይበላሻል፤ ሌላ ኦፕራሲዮንም ያመጣል።

ሠ. መጠገን ከመለወጥ ይሻላል ያለው ሰው

ያንን ኬሚካል ያገኘው ሰው ራሱ በሌላ በኩል «ለምን እንለውጣለን?» ብሎ የጠየቀ ነው። አለን ካርፓንቲየ ይባላል፤ በ1933 የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን በፓሪስ ብሩሴ በተባለው ሆስፒታል ይሠራ ነበር። የእርሱ አስተዋጽኦ በሦስት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ቀለበቱ ነው። በፊት የነበሩት ሐኪሞች የሰፋውን መቃን በክር ይሸበሽቡት ነበር። ካርፓንቲየ ግን መቃኑ ሲበላሽ መስፋት ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም እንደሚያጣ አስተዋለ። ጤነኛው መቃን በሩ ሲዘጋ ጎኑ ሰፊ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጠባብ ነው፤ የታመመው እየከበበ ይሄዳል። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጤነኛውን መቃን ቅርጽ የያዘ ቀለበት አዘጋጅቶ ዙሪያውን ሰፋበት። የቀለበቱም ቁጥር የሚመረጠው የፊተኛውን መዝጊያ በመለካት ነው። በራችን መቃኑ ሲጣመም አናጢ ልኩን ወስዶ እንደሚያስተካክለው ያለ ነው።

ሁለተኛው አመዳደቡ ነው። ይህ የመዝገብ ቤት ሰው የሆነውን እኛን በጣም ደስ አሰኝቶናል። ካርፓንቲየ በሽታው ከምን መጣ ከማለቱ በፊት መዝጊያው እንዴት ይንቀሳቀሳል ብሎ ጠየቀ፤ በሦስትም ከፈለው። መዝጊያው እንደ ደንቡ እየተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ከሆነ መቃኑ ሰፍቷል ወይም ሸራው ተበስቷል። ከልክ በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አውታሩ ረዝሟል ወይም ተበጥሷል። መንቀሳቀስ የተሳነው ከሆነ ደግሞ ሸራው ወይም አውታሩ ተኮማትሯል፣ ወይም ልብ ሰፍታ አውታሩን ወደ ታች ትጎትተዋለች። ፋይሉ በየቁጥሩ ከተቀመጠ በኋላ መልሱን ማግኘት አይከብድም።

ሦስተኛው ለየምድቡ የሚሆነው ስፌት ነው። አውታሩ የተበጠሰበትን የኋለኛውን መዝጊያ ቁራሽ አውጥቶ ግራና ቀኙን ያገናኛል። የረዘመውን አውታር ያሳጥራል። የተኮማተረውን ሸራ ከበሽተኛው ከራሱ ልብ መሸፈኛ በተወሰደ እራፊ ይቀጥለዋል። የተጣበቀውን ያላቅቃል። በመጨረሻም ቀለበቱን ይሰፋል። ሥራው ሲያልቅ የልቡን የታችኛውን ክፍል በውሃ ይሞሉታል፤ በሩ ውሃውን ከያዘ ደሙንም ይይዛል። ቧንቧ ሠራተኛ ሥራውን ሳይፈትሽ እንደማይሄድ ነው።

በ1983 ካርፓንቲየ በአሜሪካ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ጉባዔ የክብር እንግዳ ሆኖ ይህንን ሁሉ ዘርዝሮ ተናገረ። ንግግሩ «የፈረንሳይ እርማት» በሚል ስም ታውቋል። ከዚያ በፊት ጥገናን የጥቂት ሰዎች የእጅ ጥበብ አድርገው ይመለከቱ የነበሩ ሐኪሞች ማንም ሊማረው የሚችል ሥራ መሆኑን ተረዱ፤ ለመማርም ወደ ፓሪስ ጎረፉ። በ2007 ላስከር የተባለው ታላቅ የሕክምና ሽልማት ለስታርና ለካርፓንቲየ በአንድነት ተሰጠ። አንዱ ለመለወጥ፣ ሌላው ለመጠገን መንገድ የከፈቱ ናቸውና ፍርዱ ጥሩ ነው እንላለን።

ረ. ከዚያ ወዲህ

ቀሪውን ባጭሩ እንለፈው። የቶሮንቶ ከተማው ቲሮን ዴቪድ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተበጠሰው አውታር ምትክ ጎርቴክስ ከሚባል ነገር የተሠራ ክር ይተክል ጀመር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በ1991 ኦታቪዮ አልፊየሪ የሚባል ጣልያናዊ የሁለቱን መዝጊያዎች ጫፍ መካከል ላይ በአንድ ስፌት አያያዘ፤ በሩ በአንድ ፈንታ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ግን ይገጥማል። ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነገር አስከተለ። በ2003 በቬኔዙዌላ ካራካስ ከተማ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት ባለው የደም ሥር በኩል ልብ ድረስ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ነገር ገብታ ያንኑ ሥራ ሠራች። ሚትራክሊፕ ትባላለች። በተለይ ኦፕራሲዮን ለማይችሉ አረጋውያን ትጠቅማለች።

ማየትም ተሻሽሏል። በ1953 በስዊድን ኤድለርና ኸርትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች የመርከብ ብረት ስንጥቅ የሚፈተሽበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ከመርከብ ፋብሪካ ተውሰው ልብን አዩበት። ዛሬ «ኢኮ» የምንለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው። ሱታር በጣቱ የዳበሰውን ዛሬ ሐኪሙ ደረት ሳይከፈት በስክሪን ያየዋል።

ሰ. ወደ ደጃችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አይጠፋም። በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ በብዛት የሚጠገነው በር በዕድሜ ምክንያት ሸራው የላላ፣ አውታሩ የተበጠሰ ነው። ይህ ለጥገና ይመቻል። በአገራችን የወጣቶችን የልብ በር በብዛት የሚያበላሸው ግን ከጉሮሮ የሚነሣው ሕመም ነው። ልጁ ጉሮሮውን ይታመማል፤ «ቶንሲል ነው» ይባላል፤ ይተዋዋል። በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱንና ክርኑን እየተዘዋወረ ይቆረጥመዋል፤ ያተኩሰዋል። ሰውነቱ ጀርሙን የሚወጋ መስሎት የራሱን የልብ በር ይወጋል። ደጋግሞ ሲይዘው ሸራው እየጠነከረ፣ አውታሩ እያጠረ ይሄዳል። እንዲህ ያለው በር ለመጠገን ከሁሉ የከበደ ነው። ቢሆንም አይቻልም ማለት አይደለም። የካርፓንቲየ ሆስፒታል ሐኪሞች በ2001 ባወጡት ጽሑፍ በዚሁ ሕመም ምክንያት በራቸው የሚያፈስ 951 በሽተኞችን ጠግነው እስከ 29 ዓመት እንደተከታተሉ ገልጸዋል። ከፊሎቹ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አስፈልጓቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን በራሳቸው በር ኖረዋል።

በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ ጀማሪነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ልጆችን ወደ ውጭ አገር ልኮ ያሳክም ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ትልቅ ነገር ነው። የሚጠብቀው ሰው ብዛት ግን ከማዕከሉ አቅም ጋር አይመጣጠንም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን ነገር መያዝ የእኛ ፈንታ ነው።

ያም ነገር በጣም ርካሽ ነው። ከ1948 ጀምሮ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሰፈር ጉሮሯቸውን በታመሙ ወታደሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፔኒሲሊን በጊዜው ከተሰጠ ይህ የልብ ጠንቅ እንደማይከተል ታወቀ። ጉሮሮው ከታመመ በ9 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ ልብ ትድናለች። እንጥል ማስቆረጥ ወይም ቶንሲል በጣት ማስፈረጥ ግን ጀርሙን አያጠፋም፤ ይልቁን ሌላ ቁስል ይጨምራል። ልጁ አንድ ጊዜ ሕመሙ ይዞት ከሆነ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ ሐኪሙ በቃህ እስከሚለው ድረስ ለዓመታት መወጋት አለበት። በሩ ከተጠገነ በኋላም ቢሆን መርፌው አይቀርም። ካልሆነ ሕመሙ ተመልሶ የተሰፋውን በር ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ዕድር የሚያስፈልገው። መርፌው ያማል፤ ልጁ ደህና ሲመስል እናት «ምን ያደርግለታል» ብላ ትተዋለች፤ ወይም የታክሲ ገንዘብ ታጣለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኛ ደግሞ ለቀብር የሚሆን መዋጮ በየወሩ ሳናስተጓጉል እንከፍላለን። ይህ ክቡር ነገር ነው፤ አይነካብን። ነገር ግን በየመንደራችን መርፌ የሚወጉ ልጆች እነማን እንደሆኑ ከወላጆቻቸው ጋር ተስማምተን ብናውቅ፣ ቀኑ ሲደርስ አንዱ ጎረቤት «ዛሬ እኮ የመርፌው ቀን ነው» ብሎ በር ቢያንኳኳ፣ ለመሳፈሪያ ያጣችውንም ብንደግፍ ምን ይጎድልብናል? ከልብ ኦፕራሲዮን ቀርቶ ከአንድ ቀን ድንኳን ወጪ እንኳ ያነሰ ነው። አስተያየቱን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ስናቀርብ አባላት እንዲያስቡበት በትሕትና እንጠይቃለን።

ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ልጅ ያላችሁም ሐኪሙን ከመፍራት ይልቅ ጠይቁ። «በሩ ይጠገናል ወይስ ይለወጣል? ከተለወጠስ የትኛው ዓይነት ነው? ደም ማቅጠኛው የሚመረመርበት ቦታ ለእኛ ቅርብ ነው ወይ? ልጅቱ ነገ ማግባትና መውለድ ትፈልጋለች» በሉ። ሁሉ በር አይጠገንም፤ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ከ1923 እስከ ዛሬ ያለውን ስንመለከት ሐኪሞች በመጀመሪያ ቆረጡ፤ ቀጥለው ለወጡ፤ በመጨረሻ መጠገን ተማሩ። እያንዳንዱ እርምጃ የብዙ ሰው ሕይወት ተከፍሎበታል። ከሁሉ የሚቀድመውን ግን የጉሮሮ ሕመም ሳይናቅ በጤና ጣቢያ እንዲታይ የምታደርግ እናት ትሠራዋለች። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ዕድራችን ለሽማግሌ እንጂ ለልጅ ድንኳን የማይተክልበት ዘመን እንዲመጣ እየተመኘን እዚህ ላይ እናበቃለን።